ምዕራፍ 7፦ ውሉ የጠፋበት ልቃቂት

መንዝ ብርድ ነው። ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ ባለው ደጋ ሰው ሌሊቱን የሚገፋው ባና ተከናንቦ ነው፤ ባናውም የሚሠራው እዚያው አገር ከሚረባው በግ ጠጉር ነው። በጉ ይሸለታል፣ ጠጉሩ ይጸዳል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ድካም መካከል ትዕግሥትን የሚጨርስ አንድ ነገር አለ፤ የልቃቂቱ መተብተብ። ልጅ ተጫውቶበት ይሆናል፣ ወይም ፈታይዋ ራሷ በችኮላ አጠንጥናው ይሆናል። ስታነሣው ክሩ እርስ በርሱ ገብቶ ውሉ ጠፍቷል።

ያን ጊዜ እጅ የሚቸኩልባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ መጎተት ነው፤ በጎተቱት ቁጥር ቋጠሮው ይጠብቃል። ሌላው መቁረጥ ነው፤ የተቆራረጠ ክር ደግሞ ለሽመና አይበቃም። የለመደችው ሴት ሁለቱንም ትታ ልቃቂቱን ጭኗ ላይ ታኖራለች፣ ወደ ብርሃን ትዞራለች፣ በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች ውሉን ትፈልጋለች። ውሉ ከተገኘ የቀረው ጊዜ ይፈጃል እንጂ ያልቃል።

አማርኛ ይህን የክር ጫፍ «ውል» ይለዋል። ሁለት ሰዎች ተስማምተው የሚገቡትንም «ውል» ይለዋል። ባለፈው ምዕራፍ ስለ ኪዳነ ምሕረት ሲነሣ፣ ኪዳን ማለት ፈጣሪ ለሰው የሰጠው የማይታጠፍ ውል መሆኑ ታይቷል። ይህ ምዕራፍ ከሰው በኩል ይጀምራል። በተሳሳተ ምርጫ ሕይወቱ የተተበተበበት ሰው፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ የዚያን ውል ጫፍ በምን ይይዘዋል? ሊቃውንት ይህን የትምህርት ክፍል «ምሥጢረ ንስሐ» ይሉታል። ከሰባቱ የቤተ ክርስቲያን ምሥጢራት አንዱ ሲሆን፣ የሌሎቹ ስሞች ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ክህነት፣ ተክሊልና ቀንዲል ናቸው። «ምሥጢር» የተባሉት በዓይን በሚታይ ሥርዓት ውስጥ የማይታይ ጸጋ ስለሚሰጥባቸው ነው።

አንድ ግሥ፣ ብዙ ፍች

ነገሩን ለመረዳት ከአንድ ቃል መጀመር ይበጃል። በግእዝ «ፈትሐ» የሚለው ግሥ የታሰረን መፍታት፣ የተዘጋን መክፈት ማለት ነው። እንደገና ደግሞ መፍረድ ማለት ነው። «ፍትሕ» ከዚሁ ወጣ። ፍትሐ ነገሥት የተባለው የሕግ መጽሐፍም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። መጽሐፉን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን አል አሳል የተባለው የግብፅ ሊቅ ያዘጋጀው ሲሆን፣ ከ51 አንቀጾቹ የመጀመሪያዎቹ 22 መንፈሳዊ፣ የቀሩት 29 ሥጋዊ ጉዳዮችን ይዳኛሉ። የነፍስ ሕግና የመሬት ክርክር፣ የካህን ሥራና የዳኛ ሥራ በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ስም ተጠቃለዋል።

በአማርኛም ቃሉ ቤት ለቤት ይዞራል። ገበሬው ሲመሽ በሬዎቹን ከቀንበር ይፈታል። እስረኛ ይፈታል። ሕልም ይፈታል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል፣ ትዳርም ይፈታል። በሁሉም ውስጥ ያለው ሥዕል አንድ ነው፤ የተቋጠረ ነገር አለ፣ አንድ እጅ መጥቶ ያላላዋል።

እንግዲህ አንድ ምእመን ካህን ፊት ቀርቦ «አባቴ፣ ይፍቱኝ» ሲል ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ፍረዱኝም፣ ልቀቁኝም። መልሱ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ነው፤ ለሴት ሲሆን «ይፍታሽ»። የመልሱን ሰዋስው ልብ ማለት ይገባል። ምእመኑ «እርስዎ ይፍቱኝ» ብሎ ጠየቀ፤ ካህኑ ግን «ፈትቼሃለሁ» አላለም፣ የሚፈታውን ጠርቶ ስሙን ተናገረ። ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ የማሰርና የመፍታት ሥልጣን እንደሰጣቸው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 እና 18 ተጽፏል። ካህኑ ያን ሥልጣን በአደራ ይዞታል፤ የምሕረቱ ባለቤት ግን ሌላ ነው። ይህ ትንሽ የአነጋገር ልማድ የሊቃውንቱን ረጅም ትምህርት በሁለት ቃል ያስቀምጠዋል።

ቃሉ ሰውን እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። በቅዳሴ ውስጥ «ፍትሐት ዘወልድ» የተባለ ጸሎት አለ፤ ሰው ሲሞትም የሚጸለይለት ጸሎት «ፍትሐት» ይባላል። የመንዝ ገበሬ «ጸሎተ ፍትሐቱ ተደርሷል» ሲል፣ ያ ሰው ሳይፈታ አልተሸኘም ማለቱ ነው።

በሬዎቹን የሸጠው ልጅ

አሁን አንድ ወጣት በዓይነ ሕሊና ይታይ። የአንድ ሰው ታሪክ ሳይሆን ከብዙዎች ሕይወት የተሠራ ምሳሌ ነው። ቤቱ መርሐቤቴ ነው፤ ከዓለም ከተማ ወረድ ብሎ፣ ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ። አግብቷል፣ አንዲት ሕፃን ወልዷል። አንድ ደላላ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን አልፎ ሳዑዲ ዐረቢያ እንደሚያደርሰው ነገረው። ገንዘቡ አልነበረውም። ለአባቱ «በሬዎቹን ሸጬ ወይፈኖች እገዛለሁ፣ ትርፉን እንካፈላለን» ብሎ ማርያምን ማለ። ሸጠ፤ ለደላላው ከፈለ፤ ለሚስቱ ሳይነግር በሌሊት ወጣ።

ኦቦክ ደረሰ፣ ባሕሩን ተሻገረ፣ በየመን ተያዘ፣ ተደበደበ፣ ኋላም ሳዑዲ ገብቶ ጥቂት እንደሠራ ታስሮ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ከዚያ አገሩ አልገባም። በቀን ሥራ እየኖረ አራት ዓመት አለፈ። አባቱ በሬ ስላጡ መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተዋል፤ አራሹ ግማሹን ምርት ይወስዳል። ሚስቱ ሁለት ዓመት ጠብቃ ሌላ አግብታለች።

ይህ ልቃቂት ነው። ወጣቱም ሁለቱን የተለመዱ መንገዶች ይሞክራል። አንዳንድ ቀን ይጎትተዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ራሱን ይወቅሳል፣ ይሰድባል፣ ጠዋት ቋጠሮው ከትናንቱ ይልቅ ጠብቆ ያገኘዋል። ሌላ ቀን ሊቆርጠው ይፈልጋል፤ «አገር የለኝም፣ አባት የለኝም» ይላል። አማርኛ ይህን ሁለተኛውን በሚገባ ሰይሞታል፤ ተስፋ መቁረጥ። የሚቆረጠው ክሩ ነው።

መምህራን ይህን ለማስረዳት በአንድ ሌሊት የወደቁ ሁለት ሰዎችን ያነሣሉ። ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ፤ ይሁዳ በ30 ብር ሸጠው። ሁለቱም ተጸጽተዋል። እንዲያውም ይሁዳ ገንዘቡን ለካህናቱ መልሷል፣ ንጹሕ ደም አሳልፎ መስጠቱንም አምኗል። ጴጥሮስ ያለቀሰው ለብቻው ነበር። ጥፋትን ብቻ ለሚመዝን ሰው የሁለቱ ርቀት ያን ያህል ላይሰፋ ይችላል። ልዩነቱ በኋላ በሄዱበት መንገድ ላይ ነው፤ አንዱ ወደ ገመድ ሄደ፣ ሌላው ወደ ወንድሞቹ ተመልሶ ትንሣኤውን ጠበቀ። ጸጸት የበሩ መዝጊያ ነው፤ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይከፈታል።

ውሉን ማግኘት

የንስሐ ሥርዓት ሦስት ክፍሎች እንዳሉት ይነገራል። የመጀመሪያው ጸጸት ነው፤ ሁለተኛው ኑዛዜ፣ ሦስተኛው ቀኖና። ኑዛዜ የሠሩትን በቃል ለካህን መናገር ነው። ቀኖና ደግሞ ካህኑ የሚያዝዘው የመዳኛ ሥራ ነው።

በመንዝም፣ በግሼም፣ በመርሐቤቴም አንድ ቤተሰብ የራሱ የነፍስ አባት አለው። ብዙ ጊዜ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ ዝምድና ነው። የነፍስ አባት በበዓል ቤት መጥቶ ጸበል ይረጫል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ታማሚ ይጠይቃል፣ ሲሞቱ ይፈታል። የነፍስ ልጁ የነገረውን ለማንም እንዳያወጣ ሕጉ ያስረዋል፤ ለሚስትም፣ ለዳኛም፣ ለሌላ ካህንም።

ኑዛዜው የሚሆንበት ስፍራ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ተበትኗል። በዐጸዱ ውስጥ ጥድ ሥር አንድ ድንጋይ አለ፤ ካህኑ ጋቢያቸውን ሰብስበው ይቀመጡበታል፣ መስቀላቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ሰውየው ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላውን አደግድጎ ከፊታቸው ይንበረከካል። ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ካህኑ ጆሯቸውን ሰጥተው መሬት መሬት ያያሉ። «እሺ ልጄ» ይላሉ፣ ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

የበሬዎቹ ልጅ እዚህ ቢንበረከክ ምን ይላል? «አባቴ፣ ዐረብ አገር ሄጄ ሕይወቴን አበላሸሁ» ብሎ ይጀምር ይሆናል። ጥሩ የነፍስ አባት ግን ይህን ልቃቂት እንዳለ አይቀበልም፤ በጥያቄ ይለየዋል። መሄዱ ኃጢአት ነበር? እንጀራ ፍለጋ ባሕር መሻገር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ደላላውን ማመኑ? እሱ ስህተት ነው፤ ከስህተት ይማሩበታል። የመን ላይ መደብደቡ? እሱ መከራ ነው፤ የሚጠየቁበት ሌሎች ናቸው። እንግዲህ ኃጢአቱ የቱ ነው? አባቱን ለማታለል የማለው የሐሰት መሐላ፣ የሸጠው የሰው ንብረት፣ በሌሊት ጥሏት የወጣት ሚስትና ሕፃን።

ይህ መለየት ከኑዛዜ ጥቅሞች ሁሉ ትልቁ ነው ማለት ይቻላል። ተስፋ የቆረጠ ሰው መከራውን፣ ስህተቱንና ኃጢአቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ረከስኩ» ይላል። ስለተደበደበ ያፍራል፣ ስለተታለለ ራሱን ይረግማል፤ በእውነት የሚጠየቅበትን መሐላ ግን በዚያ ሁሉ ክምር ሥር ቀብሮታል። ሦስቱ ክሮች ሲለያዩ፣ ፈርቶት የነበረው ተራራ አንሶ ጥርት ያለ ነገር ሆኖ ይታየዋል። በማርያም ስም የማለባት ያች ደቂቃ ውሉ ናት።

አንድ ጫፍ መገኘቱ ምን እንደሚያደርግ የሚያስረዳ ታሪክ በኢትዮጵያ ያልሰማ ምእመን ጥቂት ነው፤ የበላዔ ሰብእ ታሪክ። በተአምረ ማርያም ውስጥ ይገኛል፤ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ይነገራል፤ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተሥሏል። ቅምር በተባለ አገር የሚኖር ሰው ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ነፍስ በላ። አንድ ቀን ቁስለኛ ለማኝ ውኃ ለመነው፤ በብዙ ስም ሲለምነው እምቢ ካለ በኋላ፣ በማርያም ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውኃ አጠጣው። በፍርድ ቀን ሚዛን ቀረበ። ሠዓልያን በአንድ ወገን ነፍሳቱን፣ በሌላው ያችን ጥርኝ ውኃ ይሥላሉ። ውኃይቱ መዘነች።

ሰምተው የሚቸገሩ አሉ፤ ለ78 ሰው ሕይወት ጥርኝ ውኃ እንዴት ዋጋ ይሆናል? ዋጋ ቢሆን ኖሮ በእርግጥ አይበቃም ነበር። በክር ዓይን ሲታይ ግን ሌላ ነው። የዚያ ሰው ሕይወት ከዳር እስከ ዳር ቋጠሮ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ አንድ የላላ ጫፍ ተገኘ። አንድ ጊዜ ብቻ የሌላ ሰው ጥማት ተሰምቶታል። ኪዳኑ ያዘውና ፈታው፤ ለመያዝ ግን ጫፍ አስፈልጎት ነበር።

ወጌሻው ለምን ያስራል?

ቀኖና ከግሪክ የመጣ ቃል ነው። መነሻ ትርጉሙ ሸምበቆ፣ መለኪያ ዘንግ ነው፤ አናጢ ሥራው መቅናቱን የሚያይበት ቀጥ ያለ እንጨት። ከዚያ ወደ ሥርዓት፣ ወደ ደንብ ትርጉም አደገ። ብዙ ሰው ግን ቀኖና ሲባል የሚመጣለት ቅጣት ነው፤ «ይህን ያህል ስገድ፣ ይህን ያህል ጹም፣ ትለቀቃለህ»። እንደ መቀጮ።

ለአገሬው ሰው የሚቀርበው ምሳሌ ወጌሻ ነው። እግሩ የተሰበረን ሰው ወጌሻ ያሸዋል፣ አጥንቱን ያገጥመዋል፣ ከዚያ ቀጥ ባለ እንጨት ደግፎ በጨርቅ ያስረዋል። እንጨቱ ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ አጥንቱ የሚጠገነው እንደ እንጨቱ ነውና። ሰውየው ለጥቂት ሳምንታት እንደ ልቡ አይራመድም፣ ያሳክከዋል፣ ይመረዋል። ነገር ግን ወጌሻው ስለተሰበረ እየቀጣው እንደሆነ የሚያስብ የለም። ሊፈታ አስሮታል።

ስለዚህ ቀኖና እንደ ስብራቱና እንደ ሰውየው ይለያያል። ስግደት አለ፣ ጾም አለ፣ ምጽዋት አለ፣ መዝሙረ ዳዊት መድገም አለ፣ ወደ ገዳም መሄድ አለ። የሚያጠባ እናትና ጎረምሳ እኩል አይሰግዱም። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም የሚውል የቀን ሠራተኛ ላይ ከባድ ጾም መጫን እንጨቱን ከአጥንቱ ማስበለጥ ነው። ማንበብ የማይችለው ዳዊት ድገም አይባልም። የመንዝና የግሼ ሰዎች ሱባኤ ሲታዘዙ ብዙዎቹ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ይወርዳሉ፤ ሰላ ድንጋይ አጠገብ ባለው በዚህ ገዳም ጸበል እየተጠመቁና እየጸለዩ ይሰነብታሉ። ሱባኤ ማለት ሰባት ማለት ነው፤ አንድ ሱባኤ ሰባት ቀን ነው።

ከስግደቱም ከጾሙም ጋር የማይቀር አንድ ነገር አለ፤ የወሰዱትን መመለስ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናግሯል፤ ያን ያለው ጌታ ቤቱ ለመግባት ከፈቀደ በኋላ መሆኑ አይረሳ። ምሕረቱ ቀደመ፣ መመለሱ ተከተለ። የበሬዎቹ ልጅም 40 ቀን ስገድ ቢባል፣ አጠገቡ «ከደሞዝህ በየወሩ እየቆጠብክ የአባትህን በሬዎች ግዛ» የሚል ትእዛዝ ሊኖር ይገባል። ስግደቱ ልቡን ያቀናል፤ በሬዎቹ መሬቱን ያርሳሉ።

የመንዝ ሰው ለመፍታት ማሰር የሚለውን ይህን አሳብ ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ያውቀዋል። በመንዝ ጌራ ምድር ጓሳ የሚባል ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ደጋ አለ፤ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ስሙን የሰጠው የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የእረኛ ገሳ ይሠራበታል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደቆየ በሚነገረው የቄሮ ሥርዓት፣ ባለመብቶቹ ጓሳውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት። በዚያ ጊዜ ማንም አያጭድም፣ ከብት አይገባም። ሣሩ ሲጠና ተስማምተው ይከፍቱታል። ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ሁሉም እንደ ልቡ ገባና ጓሳው ተጎዳ። ኋላ የአካባቢው ሰዎች ተመካክረው፣ ኮሚቴ አቋቁመው፣ እንደገና መዝጋትና መክፈት ጀመሩ፤ ሣሩም ተመለሰ።

ጓሳ የተዘጋው ስለተጠላ አልነበረም። በመሬቱ ውስጥ ሥሩ ገና አለ፤ የጎደለው ጊዜ ብቻ ነው። ቀኖናም ለተጎዳ ሕይወት እንዲህ ያለ መከለያ ነው፤ ሥሩ እንዲጠና የሚሰጥ የተወሰነ ዘመን፤ መክፈቻውም አስቀድሞ የታወቀ።

«ሲያረጅ ይደርሳል»

ይህን ሁሉ እያወቀ ሰው ለምን ይዘገያል? በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከሥጋ ወደሙ የሚቀርቡት በብዛት ሕፃናት፣ አረጋውያንና መነኮሳት መሆናቸውን ማንም ቅዳሴ የሚሄድ ያያል። ጎልማሳው ከኋላ ቆሞ ይመለሳል። ንስሐ ገብቼ ዳግም ብወድቅ የባሰ ይሆንብኛል ብሎ ይፈራል፤ ስለዚህ ኃጢአቱ ራሱ ትቶት እስኪሄድ፣ እስኪያረጅ ይጠብቃል። መምህራን ይህን አጥብቀው ይቃወማሉ። ልብሱ ዳግም ይቆሽሻል ብሎ ማጠብ የተወ ሰው የለም።

የገዘፈ በደል የሠራውም «ለእኔ የሚሆን ሥርዓት የለም» ብሎ ይርቃል። ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል። ሃይማኖቱን ክዶ የሄደ ሰው እንኳ ሲመለስ የሚጸለይለት ራሱን የቻለ መጽሐፍ አለ፤ መጽሐፈ ቄድር ይባላል። ካህኑ በውኃ ላይ ጸልዮ ተመላሹን በዚያ ውኃ ያነጻዋል። ቤተ ክርስቲያን ለሚሄዱ ሰዎች መመለሻ በር አስቀድማ በመጽሐፍ ሠርታ አስቀምጣለች ማለት ነው።

ሰኔ 24 ቀን የሚታሰበው ሙሴ ጸሊም ደግሞ ከመነኮሰ በፊት ሽፍታ ነበር፤ በግብፅ አስቄጥስ በረሃ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ጥቁር ሰው። አንድ ጊዜ አንድ ወንድም ጥፋት ሠራና መነኮሳቱ ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። ሙሴንም ጠሩት። አሸዋ የሞላበት ቀዳዳ ቅርጫት በጀርባው አዝሎ መጣ፤ አሸዋው ከኋላው በመንገዱ ሁሉ ይንጠባጠባል። ምንድን ነው ቢሉት፣ የእኔ ኃጢአት ከኋላዬ እየፈሰሰ ሳላየው በወንድሜ ልፈርድ መጣሁ የሚል መልስ ሰጣቸው። ያን ወንድም ይቅር አሉት። የተፈታ ሰው ሌላውን ለመፍታት እጁ እንዴት እንደሚቀል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ሥዕል ማግኘት ያስቸግራል።

የማይመለሰው ክር

በሐቀኝነት መነገር ያለበት ነገር አለ። ልቃቂቱ ሲፈታ ክሩ ሁሉ እንደ ቀድሞው አይሆንም። የዚያ ወጣት ሚስት አግብታለች፤ ንስሐው ያን ትዳር አያፈርስለትም፣ እንዲያፈርስ መመኘትም አይገባውም። ልጁ አራት ዓመት ያለ አባት አድጋለች። አባቱ በእኩል የሰጡት እህል ተበልቷል። ዳዊት በኦርዮን ላይ የሠራውን ነቢዩ ናታን ሲገልጥበት ወዲያው አምኗል፣ ኃጢአቱም እንደተወገደለት ተነግሮታል፤ ኦርዮን ግን ከመቃብር አልተነሣም። ዳዊት ከዚያ በኋላ የኖረው ይቅር የተባለ ሰው ሆኖ፣ የሆነውንም እያስታወሰ ነው።

ምሕረት ትናንትን አይሰርዝም። ሰውየውን ከትናንት ጋር ካሰረው ቋጠሮ ይፈታዋል፤ ዛሬ የሚሠራበት እጅ እንዲኖረው። ልጁን በየወሩ ሊጎበኝ ይችላል፣ ለትምህርቷ ሊልክ ይችላል። የቀድሞ ሚስቱን በሽማግሌ በኩል ይቅርታ ሊጠይቅ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ከአራት ዓመት በፊትም የተከፈቱ መንገዶች ነበሩ፤ እጁ ስለታሰረ አልሄደባቸውም።

ድንጋዩ

የነፍስ አባት የሚያዝዘው የመጨረሻ ነገር ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ «ሂድና ታረቅ»። በእግዚአብሔር ፊት መፈታትና በሰው ፊት መፈታት አንድ ክር ናቸው፤ መሥዋዕት ከማቅረብ በፊት ከወንድም ጋር መታረቅ እንደሚገባ ወንጌል ያዝዛል። አማራ አገርም ለዚህ የራሱ ሥርዓት አለው። በዳይ ሽማግሌ ይልካል፤ ቀን ይቆረጣል፤ በዳዩ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት ይቀርባል።

ወጣቱም በምሳሌው መጨረሻ ይህን ያደርጋል። ካህኑና ሦስት ሽማግሌዎች ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ጀማን ቁልቁል ወደሚያየው ግቢ ይገባሉ። ድንጋዩን ከመንገድ ዳር ያነሣው ነው፤ ማጅራቱን ልጦታል። አባቱ ደጃፍ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አይነሡም። ልጁ ጎንበስ ብሎ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«ጌታዬ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው» ይላሉ ትልቁ ሽማግሌ። አባት ዝም ይላሉ። «ስለ እመቤታችን ብለው፤ የማለባት እሷው ታስታርቅዎ።» አሁንም ዝም። ከበስተኋላ በረቱ ባዶ መሆኑ ይታያል። ካህኑ መስቀላቸውን አውጥተው ሦስተኛ ጊዜ ይለምናሉ።

አባት ረጅም ትንፋሽ ያወጣሉ። «እኔስ ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላሉ በመጨረሻ፣ «አውርደው፤ አንገትህ ተላጠ።»

ልጁ ድንጋዩን ያወርዳል። የት እንደሚያኖረው አላወቀም፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ክረምት የናደው የግቢው ካብ አጠገብ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ክፍተቱ ላይ ያስገባዋል፣ እንዳይወድቅ በእግሩ ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል። አባቱ ከመደቡ ሆነው ያያሉ። «ትንሽ ወደ ግራ አድርገው» ይላሉ።